ሦስቱ አሥራ ሦስቶች

ታዲያላችሁ ቀኑ ጥር 13፣ ዓመቱ 1954 ነው። ይህችን 13 ያዙልኝ፤ ሦስት ጊዜ ትመጣለች።

አዲስ አበባ ስታዲየም ያኔ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ነው የሚጠራው። ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደርሶ ኢትዮጵያ ግብፅን ገጥማለች። ግብፅ በዚያ ዘመን የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ተብላ ትጫወታለች፤ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውም እሷው ናት። በ35ኛው ደቂቃ ቀደመች። ግርማ ተክሌ እስኪያስተካክል ድረስ ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ቆየ፤ አስተካክሎም እልልታው ሳይበርድ ግብፅ ደገመች። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። እዚህ ላይ ነው አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ የደረሰው፤ 2 ለ 2። ጭማሪ ሰዓት ተባለ። የሉቺያኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ዋንጫው ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ወደ አምበሉ እጅ ተላለፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ዋንጫ አገራችን ዳግም አልያዘችውም።

ስለዚህ አምበል ትንሽ ላውጋችሁ። አሥመራ ነው የተወለደው፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በክልስነቱ እየተሰደበ ማደጉን በሸመገለ ጊዜ በገዛ አንደበቱ ተናግሯል። ለድሬዳዋው ጥጥ ማኅበርም ተጫውቷል። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጣ፤ ጣሊያን ኖሮ 2015 በገባ በመጀመሪያው ወር ዐረፈ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ምን መሰላችሁ? ያን ቀን ስታዲየም ከተቀመጠው ሰው ስንቱ ነው ያንን ልጅ መንገድ ላይ ቢያገኘው በትውልዱ የሚያንቋሽሸው? ጎሉ ሲገባ ግን ሁሉም «የኛ ልጅ!» ብሎ ተነሣ። ኳሷ በአንድ ስንዝር ስታ ወጥታ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ሁለተኛዋ 13 እነሆ። አሁንም ጥር ነው፤ ዓመቱ 2005። ከዚያች የድል ቀን ልክ 51 ዓመት ሞልቷል። ኢትዮጵያ 31 ዓመት ሙሉ ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆይታ ተመልሳለች። ቦታው ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት ከተማ፣ ምቦምቤላ ስታዲየም፤ ተጋጣሚዋ የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ። በስደት አገር ሱቅ ከፍቶ፣ ሸቀጥ ተሸክሞ የሚኖረው ወገናችን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሶ ስታዲየሙን አጥለቅልቆታል። ሳላዲን ሰዒድ የመታትን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ምዌኔ አዳነ። ጥቂት ቆይቶ የኛው በረኛ ጀማል ጣሰው ኳስ ሊያወጣ ሲሮጥ እግሩ የዛምቢያውን ተጫዋች አገኘውና ቀይ ካርድ ወጣበት። ያኔ ከደጋፊው መካከል ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳው ዘነበ።

የልቤን ልንገራችሁ፤ ፍርዱ ትክክል ነበር። እግሩ ሰው ላይ ነው ያረፈው። ትክክል ባይሆንስ ኖሮ ጠርሙሱ ማንን ይረዳ ነበር? ልጆቻችን በ10 ሰው ቀርተው፣ ጎል ተቆጥሮባቸው፣ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጡ። ያንን ነጥብ ያመጣው ላባቸው ነው። ካፍ የጣለውን ቅጣት የከፈለው ግን ጠርሙስ የወረወረው ሰው አይደለም፤ ፌዴሬሽኑ ነው። ወርዋሪው ግራና ቀኙ ሰው ተቀምጦ ነበር። እጁን ለመያዝ ከጎኑ የተቀመጠ የአገሩ ልጅ እንጂ ከወዲያ ማዶ ያለ ዛምቢያዊ አይደርስለትም ነበር። የዛሬው ትረካዬ ስለዚያ ከጎን ስለተቀመጠው ሰው ነው።

ቀጥሎ ያለው 2010 ከ13 ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ግን ዘልዬው ባልፍ ትረካዬ ቅጥፈት ይሆናል። ያን ዓመት በየሜዳው ማን ፎርም ላይ ነው የሚለው ጨዋታ ማን ከየት ነው ወደሚል ዞረ። ኅዳር ላይ ወልዲያና መቐለ ሊጫወቱ በነበረበት ዕለት ወልዲያ ከተማ ውስጥ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ። ሚያዝያ 22 ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም መከላከያና ወልዋሎ ሲጫወቱ፣ በአንድ ጎል ውሳኔ የተነሣ የመሐል ዳኛው በሜዳው ላይ እየተሳደደ ተመታ። የመታው ከወንበሩ የዘለለ ደጋፊ አይደለም፤ ከአንዱ ቡድን ጋር የመጣ ኃላፊ ነው። ፌዴሬሽኑ ሊጉን ለጊዜው አቆመ። ከዚህ በላይ አልሄድበትም፤ ቁስሉ ዛሬም ይጠዘጥዛል።

አሁን አቃቂ በሰቃ ልውሰዳችሁ። ከቃሊቲ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው አሮጌ መንገድ ትወርዳላችሁ። ከድሬዳዋ የሚመጣው የድሮው ባቡር አዲስ አበባ ሳይገባ የሚያልፍባት ሰፈር ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ መለዋወጫው፣ ብረታ ብረቱ ሰው ያሰባሰበባት። አያቱ ከወሎ፣ አባቱ ከሸዋ፣ ጎረቤቱ ከጉራጌ፣ አከራዩ ኦሮሞ የሆነ ልጅ የሚያድግባት ናት። የፈረቃ ሠራተኛ ማታ ሲወጣ፣ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁን ሲያቆም፣ የጋራዥ ልጅ እጁን በላርጎ ታጥቦ ሲጨርስ የሚሰበሰቡት ኳስ ቤት ነው። የኛ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነው የሚካሄደው፤ አዲስ አበባ ስታዲየምም ለዕድሳት ተዘግቶ ኖሯል። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ፍቅሩን ጠቅልሎ እንግሊዝ አገር ቢወስደው አልፈርድበትም።

ሦስተኛዋ 13 ግንቦት ናት፤ ግንቦት 13 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ማንቸስተር ዩናይትድ ከቶተንሃም፣ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ፣ ቢልባኦ። ቤቱ ጢም ብሏል። ከፊት ያለው አግዳሚ ላይ የዩናይትድ ደጋፊዎች፣ ማንቼዎቹ፣ ተደርድረዋል። ከኋላቸው ደግሞ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? የአርሰናል ደጋፊዎች፣ አርሴዎቹ! ስፐርስን፣ ያው ቶተንሃምን፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠሉ የኖሩ አርሴዎች፣ ዛሬ ለስፐርስ ሊያጨበጭቡ መጥተዋል።

«እናንተ ደግሞ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» አለ አንዱ ማንቼ።

«ከማንቼ ጋር የሚጫወት ሁሉ ዛሬ ዘመዳችን ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያ ሳቅ ደስ ይላል፤ የሚጎዳው ሰው የለም።

ከዚያ የፎርም ክርክር ተጀመረ። እኔ ይህን ክርክር እወደዋለሁ፤ በቀን ሥራ የሚያድር ልጅ ከአሰልጣኝ እኩል ማስረጃ እየቆጠረ የሚሟገትበት ሌላ ሸንጎ የት አለና? «በ37 ጨዋታ 18 ጊዜ ተሸንፋችሁ፣ በሊጉ 16ኛ ሆናችሁ ምን ፎርም አላችሁ?» አለ አርሴው። «ስፐርስስ 17ኛ አይደለም እንዴ? እኛ በዚህ ውድድር አንድም ጨዋታ አልተሸነፍንም። ሊዮንን ረሳኸው? በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ተመርተን 5 ለ 4!» «እሱስ ይሁን፤ ግን ስፐርስ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ገጥሟችሁ ሦስቴም አሸንፏችኋል።» ይህ ከባድ ማስረጃ ነው፤ እውነትም ነው። ማንቼው ግን እጅ አልሰጠም። «እናንተስ? 248 ቀን ሊጉን መርታችሁ ዋንጫውን ለሲቲ ያስረከባችሁት እናንተ አይደላችሁም? ሊጉን ከወሰዳችሁ 21 ዓመታችሁ!» «እናንተም 12 ዓመታችሁ!» እንዲህ እንዲህ እየተባባሉ ኳሱ ተጀመረ።

በ42ኛው ደቂቃ ሳር ያሻማት ኳስ ከጆንሰንና ከሾው መካከል ተንከባልላ መረብ ገባች። ስፐርስ 1 ለ 0። የኋላው ወንበር ፈነደቀ፤ የፊቱ አንገቱን ደፋ። ከዕረፍት በኋላ ማንቼ መጣ፣ ገፋ። ሆይሉንድ በጭንቅላቱ የመታት ኳስ ባዶ ጎል ልትገባ ስትል ቫን ደ ቬን አየር ላይ ተወርውሮ ከመስመሩ አወጣት። አንድ የማንቼ ልጅ ግን ጎል መስሎት ዘሎ ተነሥቷል። በቅርቡ ከገጠር መጥቶ ግንባታ ላይ የሚሠራ፣ ጫማው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት ልጅ ነው። እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ከኋላ ያሉት ስክሪኑ ተከለለባቸው።

«ቁጭ በል!» ቢሉት ምንም አልነበረም። አንድ ወጣት አርሴ ግን የመጣበትን አገርና የወለደችውን እናቱን ደርቦ ሰደበው። ቃሉን አልደግመውም፤ ከእኔ አንደበት ሁለተኛ ሊወጣ አይገባውም። ልጁ ቁጭ አለ። ቤቱም ሳቀ።

የዚህ ሳቅ ነገር ነው እኔን ያንገበገበኝ። ተሳዳቢው አንድ ሰው ነው፤ ሳቂው ግን ብዙ። ተሳዳቢ የሚደፍረው የሚስቅለት ሲያገኝ ነው። ማንቼዎቹ ተነሥተው ቢመልሱለት ደግሞ እርሻ ላይ እንደተለቀቀ እሳት ይዛመታል፤ እነሱ ያሉትን ሁሉ እንደ ብሽሽቅ ይቆጥረዋል፣ የባሰ ይጨምራል። የሌላ ወገን ተግሣጽ ጆሮ አይገባም።

የሚገባው ከራስ ወገን ሲመጣ ነው። ከአርሴዎቹ መካከል አንድ ጡረተኛ ነበሩ፤ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ የነበሩ፣ የጠወለገ የድሮ የአርሰናል ማልያ የማይለያቸው፣ ወጣቱ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው። ዞረው ልጁን አዩት።

«ምን አልክ አንተ?»

«ለቀልድ ነው እኮ ጋሼ።»

«ቀልድ ከሆነ እሱ ለምን አልሳቀም?»

ልጁ ዝም አለ።

«አርሴ ነኝ ስትል እኔም የለበስኩትን ማልያ ነው የለበስከው። በዚህ ማልያ ተጫዋች ተች፣ አሰልጣኝ አባር፣ ዳኛ ላይ አጉረምርም። የሰው እናት ግን አትንካበት። ሳካን የሰደቡት ማታ አልቅሰህ አልነበረም? ታዲያ ያኔ የተሰደበው ስለ አጨዋወቱ ነበር?»

ቤቱ ያስታውሳል። ሐምሌ 4 ቀን 2013፣ ዌምብሌይ፤ እንግሊዝ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በፍጹም ቅጣት ምት በጣሊያን የተሸነፈችበት ሌሊት። የሳቱት ሦስቱም ጥቁር ወጣቶች ነበሩ፤ ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ገና 19 ዓመቱ የነበረው ሳካ። እስከዚያ ሰዓት «የኛ ልጆች» ሲባሉ አምሽተው፣ በዚያው ሌሊት በቆዳ ቀለማቸው የስድብ መዓት ወረደባቸው። ያኔ ሳካ የአርሴ፣ ራሽፎርድ የማንቼ ነበሩ። አንዱን ለብቻው መከላከል አይቻልም። ማንቸስተር ውስጥ የራሽፎርድ ሥዕል ያለበትን ግድግዳ አንድ ሰው ስድብ ጽፎ አበላሸው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ወጥቶ ስድቡን በልብ ሥዕልና በፍቅር ደብዳቤ ሸፈነው። ፖሊስ አላዘዛቸውም፤ ጎረቤቶቹ ናቸው ያደረጉት። አቃቂ በሰቃ ውስጥ በዚያ ማታ ይህንን የሠሩት ጋሼ ናቸው፤ ለዚህ ነው የምተርክላችሁ። ጥር 13 ቀን 2005 ከወርዋሪው ጎን የተቀመጠው ሰው ሊያደርገው ይችል የነበረውን እሳቸው አደረጉት።

ወጣቱ አርሴ በዚያች ቅጽበት ይቅርታ አልጠየቀም፤ ጠየቀ ብዬ አልዋሽም። አንገቱን አቀርቅሮ ስልኩን ማየት ያዘ። የሳቁት ግን አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከኋላ የነበረ ሌላ አርሴ ተነሥቶ የራሱን ወንበር ለግንበኛው ልጅ ወደ ጎን ሳበለትና «ከዚህ ይሻልሃል፣ እዚህ ብትነሣም ማንንም አትከልልም» አለው። ልጁ አመነታና ሄዶ ተቀመጠ፤ በአርሴዎች መካከል አንድ ማንቼ።

ማጓየር አጥቂ ሆኖ ወደ ፊት ተላከ፤ አልሆነም። ፊሽካው ተነፋ። ስፐርስ ከ17 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሣ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ግንበኛው ልጅ ወደ ጋሼ ጠጋ ብሎ እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦

«ጋሼ፣ ጎሏን ግን ጆንሰን ነው ያገባት ወይስ ሾው በራሱ ላይ?»

«ጆንሰን ነዋ! መጀመሪያ የነካት እሱ ነው።»

«አይደለም ጋሼ! እንደገና ሲያሳዩት አላዩትም? የሾው ክንድ ነው የመራት!»

«ታዲያ ክንዱን ምን ፈልጎ እዚያ አደረገው?»

ስልኩን ሲያይ የነበረው ወጣት ቀና አለ። «የሾው ናት» አለ በዝግታ፤ «እሱ ልክ ነው።» ጋሼ ተቆጡ፣ የፊቱ አግዳሚ ተነሣ፣ የኋላው ለሁለት ተከፈለ፤ የኳስ ቤቱ ባለቤት መብራት ላጥፋ ስትል አንዴ ብቻ ደግመሽ አሳዪን እያሉ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተሟገቱ።