እፉኝት አልሞተችም

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ የተነሣው በግማሽ ጥማድ መሬት ነው። አጎትና የእህት ልጅ ተካሰው ከዋርካው ሥር ሽማግሌ ፊት ተቀምጠዋል። እናቱ ለሥራ ከተማ ስትገባ ልጁን ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ አብልቶ ያሳደገው አጎትየው ነው። ልጁ ጢም ሲያበቅል «የእናቴን ድርሻ አምጣ» አለው። አጎት ጋቢውን አደግድጎ ተነሣና፣ «አባቶቼ፣ እኔ ያሳደግሁት ሰው መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእፉኝት ልጅ ነው!» አለ።

ከሴቶቹ በኩል እህቱ ብድግ አለች። «እንዴት ነው ነገሩ ወንድምዓለም? የወለድኩት እኔ! ታዲያ እፉኝቷ ማን ልትሆን ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። እኔ ግን መሬቱን ረስቼ በቃሉ ተያዝኩ።

አጠገቤ የነበሩ መሪጌታ ነገሩን በጆሮዬ አጫወቱኝ። እፉኝት ሲፀነስ አባቱን፣ ሲወለድ እናቱን ይገድላል። ሴቲቱ በግንኙነት ሰዓት የወንዱን አንገት ነክሳ ትጥለዋለች፤ ግልገሎቹ ደግሞ የአባታቸውን ደም ሊበቀሉ ሆዷን በልተው ይወጣሉ። እንግዲህ «የእፉኝት ልጅ» መባል ያሳደገውን የሚያጠፋ መባል ነው፤ «የእናት ጡት ነካሽ» ከሚለው ጋር ሥጋ ዘመድ የሆነ ስድብ።

ተረቱ ግን ከእኛ ቀዬ አልበቀለም። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ ከአንገት ንክሻው እስከ በቀሉ ድረስ ጽፎታል። ኋላም እንስሳትን እየጠራ መንፈሳዊ ምሥጢር የሚፈታው «ፊሳልጎስ» ይኸንኑ ነገር ተቀበለ፤ መጽሐፉም ከግሪክ ወደ ግዕዝ ገባ። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፦ መጥምቁ ዮሐንስ ፈሪሳውያንን የዘለፈበት ቦታ ላይ የግዕዙ ወንጌል «አራዊተ ምድር» ይላል፤ እባብ ማለት ነው፣ በደፈናው። እፉኝትን በስሟ የጠራት አማርኛው ነው።

ስሟስ? በግዕዝ «አፍዖት» ትባላለች፣ በዐረብኛ «አፍዓ»፣ በዕብራይስጥ «ኤፍዔ»፤ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። እኔማ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር «እፍ!» የሚል ነገር ይሰማኛል። ይህ የጆሮ ፍርድ ነው፣ የሰዋስው ሊቅ አይያዝብኝ። ግን አንዷን፣ ያቺን በአፍሪካ ሜዳ ሁሉ የምትገኘውን ወፍራሟን ብታዩ ትፈርዱልኛላችሁ። ርዝመቷ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ሲመጣ አትሸሽም፤ ቀለሟ ከደረቅ ሣርና ከአፈር ጋር ስለሚመሳሰል ድርግም ብላ ትተኛለች፤ ብዙ ሰው የሚነደፈውም ሳያይ ረግጧት ነው። ስትቆጣ ሰውነቷን ነፍታ እንደ ወናፍ ትተነፍሳለች። እንግሊዞቹ ለዚህ «ፓፍ አደር» አሏት፤ ተነፊዋ እንደ ማለት። «አደር» ራሷ ድሮ «ናደር» ነበረች፤ ከስም ፊት የምትቆመው ትንሿ ቃላቸው «ን»ዋን ወስዳባት ነው እንዲህ የቀረችው። ስም እንዲህም ይዘረፋል።

ከሁሉ ያስገረሙኝ ሮማውያን ናቸው። «ቪፔራ» አሏት፤ ቃሉ «ሕያው» እና «መውለድ» ከሚሉት ሁለት ቃላት እንደ ተገጠመ ይነገራል። ነገሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው እባብ እንቁላል ይጥላል። እፉኝት ግን እንቁላሏን ሆዷ ውስጥ ይዛ ታቆይና ልጆቿ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው በሕይወት ይወጣሉ፤ ሽፋኑን ቀድደው ወዲያው በየፊናቸው ይሳባሉ። አርስቶትል ይህን አይቶ ወይም ሰምቶ ጽፏል፤ ሽፋኑን ሳይቀር አንሥቷል። ከዚያ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? አንዳንዴ ከውስጥ እየበሉ ይወጣሉ ብሎ ጨመረበት። የተቀደደ ሽፋን፣ ትንሽ ደም፣ የሚርመሰመሱ ግልገሎች፦ ከሩቅ ላየ ሰው የተቀደደው ሆዷ ነው። ተረቱ የተረገዘው እንዲህ ይመስለኛል።

እናቲቱ ታዲያ ወልዳ መንገዷን ትቀጥላለች። በቼክ ሪፐብሊክ በድቩር ክራሎቬ መካነ አራዊት አንዲት ከኬንያ የሄደች እፉኝት በአንድ ጊዜ 156 ወልዳለች፤ ከእባብ ወገን ይህን ያህል የወለደ አይታወቅም። ያ ሁሉ ግልገል እየበላ ቢወጣማ ቆዳዋም ባልተረፈ!

ከእኛ አገር በቀር ሌላ ቦታ የማይገኙ እፉኝቶችም አሉ። በደቡብ ምዕራብ ጫካ ያለችው የተራራ እፉኝት በሳይንስ መዝገብ የገባችው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ የባሌዋ የሐረና ጫካ እፉኝት ደግሞ ገና በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ያውም ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣ ከኖረች በኋላ። ስማቸው በስድብ ስንት ዘመን ሲጠራ ኖሮ፣ እነሱን ዞር ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው።

ወደ ዋርካው ልመልሳችሁ። መሬቱ ከቀትር በፊት ተከፈለ። ስድቡ ግን እስከ ማታ ሸንጎውን ያዘ። ሽማግሌዎቹ «አንሣ» አሉት።

«አንሥቻለሁ» አለ አጎት፤ «ደግሞም እሱን ነው ያልኩት እንጂ እሷን መቼ ነካኋት?»

እህቱ ነጠላዋን አጣፋች። «እንዳፍህማ ቢሆን፣ ወንድምዓለም፣ እሱን ስወልድ ሞቻለሁ» አለችው።