ቴሌቪዥንን ከሳሎን ምድጃ በላይ መስቀል

ቴሌቪዥንን ከሳሎን ምድጃ በላይ መስቀል ማለት ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንን በተለምዶ ፋየርፕሌስ ከሚባለው የሳሎን ማሞቂያ ምድጃ አናት ላይ፣ በጭስ ማውጫው ግድግዳ፣ በብረት ማንጠልጠያ ማሰር ነው። በተለይ በአሜሪካና በካናዳ ቤቶች የተለመደ ነው። ሦስት ነገሮች ያከራክሩበታል፤ እነርሱም የእሳቱ ሙቀት፣ የስክሪኑ ከፍታና የግድግዳው ጥንካሬ ናቸው።

አመጣጥ

በቀዝቃዛ አገሮች የሳሎን ወንበሮች ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ምድጃው ነበር። «ፎኩስ» የሚለው የላቲን ቃል ትርጉሙ ምድጃ ሲሆን፣ ትኩረት የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛው «ፎከስ» የመጣው ከዚሁ ነው። ቴሌቪዥን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ቤት ሲገባ አንድ ሳሎን ሁለት የሚታዩ ነገሮች ኖሩት። ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ግን ወደ ግድግዳ የሚወጣ አልነበረም፤ ባለ 36 ኢንቹ ብቻ ወደ 100 ኪሎግራም ይጠጋ ነበር። ጠፍጣፋ ስክሪን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ እየረከሰ ሲመጣ ሁለቱን በአንድ ግድግዳ ላይ ማድረግ ተቻለ።

ከዚያ በፊት ነገሩ በተገላቢጦሽ ተሞክሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1966 የገና ዋዜማ የኒው ዮርኩ ደብልዩ ፒ አይ ኤክስ ጣቢያ ምድጃ ለሌላቸው የከተማው ነዋሪዎች የሚነድ ግንድ ፊልም ከገና ሙዚቃ ጋር አስተላልፏል።

ሙቀት

ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከምድጃው አፍ በላይ ያለው ግድግዳ ከሌላው የሳሎኑ ግድግዳ ይበልጥ ይሞቃል። ብዙ አምራቾች ቴሌቪዥናቸው የሚሠራበትን የአካባቢ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይወስኑታል፣ ከሙቀት ምንጭ አጠገብ እንዳይቀመጥም ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ በሙቀት የተበላሸውን ዋስትናው ላይሸፍነው ይችላል። ጉዳቱ በአንድ ምሽት አይታይም፤ እንደ ካፓሲተር ያሉት የውስጥ ክፍሎች ዕድሜያቸው ቀስ በቀስ ያጥራል፣ የኦሌድ ስክሪንም ቶሎ ይዳከማል። በእንጨት በሚነደው ምድጃ ላይ ደግሞ ጥላሸቱ ይጨመራል፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ባሉት የአየር ቀዳዳዎች ይገባል።

የሚሻለው ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት መለካት ነው። የቴሌቪዥኑ ታችኛ ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ ቴርሞሜትር ይለጠፍና እሳቱ እንደ ወትሮው ለሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል። ንባቡ ከ32 ዲግሪ ካላለፈ ብዙ አያሳስብም። 38 ከደረሰ ግን ቴሌቪዥኑ ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት ሲታከልበት ገደቡን ማለፉ አይቀርም። ግድግዳውን በእጅ ዳስሶ መገመት አያስተማምንም።

ከምድጃው አፍ በላይ ወጣ ብሎ የሚሠራው መደርደሪያ፣ ማንትል የሚባለው፣ ሞቃቱን አየር ከግድግዳው አርቆ ወደ ክፍሉ ስለሚመልሰው እውነተኛ ጥቅም አለው። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ደንብ መሠረት በጡብ ምድጃ ላይ የሚገጠም የእንጨት ማንትል ከምድጃው አፍ ቢያንስ 6 ኢንች (15 ሳንቲሜትር) መራቅ አለበት፤ እስከ 12 ኢንች ባለው ክልል ውስጥ ወደ ፊት የሚወጣውም ከርቀቱ አንድ ስምንተኛ መብለጥ የለበትም። ይህ ልክ ግን የወጣው ቤቱ እንዳይቃጠል እንጂ ቴሌቪዥኑ እንዳይሞቅ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

ከፍታ

ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 105 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ይሆናል፤ የስክሪኑ መሐል እዚያው አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ማንትሉ 137 ሳንቲሜትር ላይ ከሆነና ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ከእርሱ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለ፣ የስክሪኑ መሐል ወደ 187 ሳንቲሜትር ይደርሳል። በሦስት ሜትር ርቀት የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ወደ መሐሉ 15 ዲግሪ፣ ወደ ላይኛው ጠርዝ ደግሞ 22 ዲግሪ ያህል ማንሣት አለበት። አጭር ዜና ለማየት አይከብድም፤ የሁለት ሰዓት ፊልም ግን አንገት ያሳምማል። ሶፋው በራቀ ቁጥር ማዕዘኑ ይቀንሳል፣ በበርጩማ ወይም በምንጣፍ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን ይብሳል። በአንዳንድ የኤልሲዲ ስክሪኖች ላይ ከታች ሲታይ ጥቁሩ ግራጫ ስለሚመስል ወደ ታች የሚያዘነብል ማንጠልጠያ ያስፈልጋል፤ እርሱ ምስሉን ያስተካክላል እንጂ አንገትን አያወርድም።

ግድግዳና ብሎን

ማንጠልጠያው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት አራት ቀዳዳዎች ጋር መስማማት አለበት። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ቬሳ በተባለው ደረጃ የሚለካ ሲሆን፣ 200 በ200 እና 400 በ400 ሚሊሜትር የተለመዱ ናቸው።

ግድግዳው ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ክብደቱን መሸከም ያለባቸው ከኋላው የቆሙት እንጨቶች ናቸው። በአሜሪካ ቤቶች ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል 16 ወይም 24 ኢንች ርቀት አላቸው፤ ከምድጃ በላይ ግን አቀማመጡ ሊለያይ ስለሚችል በመፈለጊያ መሣሪያ ይረጋገጣል። በጡብ ላይ በመዶሻ ድሪል ተበስቶ የብረት ፊሸር ይገባል። እንደ ድንጋይ የሚታየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ የተለጠፈ ስስ ገጽ ብቻ ነው፤ ብሎኑ እርሱን አልፎ እንጨቱን መያዝ አለበት። ከሁሉ የሚያሰጋው የጭስ መውጫውን መብሳት ነው፤ በተለይ ፋብሪካ ሠራሽ በሆኑ ምድጃዎች ውስጥ የብረት ቱቦ በባዶው ክፍተት ውስጥ ያልፋል። የተበሳ የጭስ መውጫ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ሊያስገባ ይችላል። ውስጡ የማይታወቅ ጭስ ማውጫ ሳይመረመር ባይነካ ይሻላል።

ተዘርግቶ የሚወጣ ክንድ ያለው ማንጠልጠያ ግድግዳውን የበለጠ ይፈትናል። 25 ኪሎግራም የሚመዝን ቴሌቪዥን 50 ሳንቲሜትር ሲወጣና የላይና የታች ብሎኖቹ በ20 ሳንቲሜትር ሲራራቁ፣ የላይኞቹ ብሎኖች ከ60 ኪሎግራም በሚበልጥ ኃይል ወደ ውጭ ይሳባሉ። ልጅ ቢንጠለጠልበት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ሽቦ

የቴሌቪዥኑን የኤሌክትሪክ ገመድ በግድግዳ ውስጥ መቅበር በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ክልክል ነው። በስተጀርባው ሶኬት የሚያስገባው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የኤችዲኤምአይ ገመድ በግድግዳ ውስጥ እንዲያልፍ የተፈቀደለት ዓይነት መሆን አለበት፤ ጡብ ከሆነ በግድግዳው ላይ በሚለጠፍ ቱቦ ይሸፈናል።

አማራጮች

ወደ ታች ተስቦ እስከ ዓይን የሚወርድ ማንጠልጠያ የከፍታውን ችግር ይፈታል፤ ነገር ግን እሳቱ እየነደደ ማውረድ ስክሪኑን በቀጥታ ሙቀቱ ፊት ማቆም ነው። ምድጃው ፈጽሞ የማይነድ ከሆነ የሙቀቱ ጥያቄ ይቀራል። ሌላ ባዶ ግድግዳ ካለ ብዙውን ጊዜ የሚሻለው እርሱ ነው። በኪራይ ቤት ጡብ ከመብሳት በፊት የአከራዩን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ይገባል፤ በጡብ ላይ የቀረ ቀዳዳ እንደ ጂፕሰም በቀላሉ ተደፍኖ አይጠፋም።

በኢትዮጵያ ምድጃ ሲባል በብዙው ቤት የማድቤቱ ነው፣ ቴሌቪዥኑም የኖረው በሳሎኑ ቡፌ ላይ ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው ፋየርፕሌስ ያላቸውን አንዳንድ የአዲስ አበባ ቪላዎችና በሰሜን አሜሪካ ምድጃ ያለው ቤት የገዙ ወይም የተከራዩ ኢትዮጵያውያንን ነው።