ቀይ ድንክ

በሚያዝያ ማብቂያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ፣ ደባርቅ ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ዳባት፣ ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው ኮረብታ ካልጋረደው አልፋ ሴንታውሪ የተባለውን ደማቅ ኮከብ ያያል። ክንዱን ዘርግቶ ቢጨብጥ ከአድማስ በላይ የቡጢ ተኩል ያህል ብቻ ነው ከፍታው። ከዚያ ጥቂት ፈቀቅ ብላ፣ ያለ ቴሌስኮፕ የማትታይ ኮከብ አለች። ሮበርት ኢነስ እ.ኤ.አ. በ1915 ጆሃንስበርግ ላይ ያገኛት ፕሮክሲማ ናት። 4.24 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ከፀሐይ በቀር ከእሷ የሚቀርበን ኮከብ የለም። ወገኗ «ቀይ ድንክ» ይባላል። ስያሜው ከፈረንጅ አፍ የተመለሰ ቢሆንም ሁለቱ ቃላት የቤት ልጆች ናቸው።

«ቀይ» በግእዝ «ቀይሕ» ነው። ትግርኛ «ሕ»ን ዛሬም በጉሮሮው ይላታል፤ አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል እሷንም ጣላት። ቃሉ ግን መልኩን አላጠበበም። ቀይ የምንለው ሰው ቀይ አይደለም፤ የስሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮም ጠጉሩ ወደ ዝገት ያደላ እንጂ እንደ በርበሬ የቀላ አይደለም። ፕሮክሲማም እንዲሁ ናት። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የእሷ 2,700 ገደማ ነው፤ ቀርቦ ላያት ብርቱካንማ እንጂ ደም አትመስልም። ስለዚህ የአማርኛው «ቀይ» ይስማማታል፤ እንዲያውም ከፈረንጁ ይልቅ።

«ድንክ» የባሰ ጉድ አለው። ከ4,000 ዓመት በፊት ሐርኹፍ የተባለ የግብፅ ሹም ከደቡብ አንድ አጭር ሰው ይዞ ሲመለስ፣ ገና ልጅ የነበረው ንጉሥ ዳግማዊ ፔፒ በደስታ ደብዳቤ ጻፈለት። ሰውዬው ውኃ ውስጥ እንዳይወድቅ ጀልባው ላይ ጠባቂ ይቁምለት፣ ሌሊት አሥር ጊዜ ይታይ ይላል። ሐርኹፍ ደብዳቤውን አስዋን ባለው መቃብሩ ደጅ ላይ አስቀረጸው። እዚያ አጭሩ ሰው የተጠራበት ቃል «ድ-ን-ግ» ነው፤ ግብፆች አናባቢ አይጽፉም ነበር። ከእኛው «ድንክ» ጋር ያስተያዩት ሊቃውንት አሉ። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያስመሰክርም፤ ይሁንና ያው ደብዳቤ ቀደም ሲል ፑንት ከተባለ አገር የመጣ ሌላ «ድ-ን-ግ» ስለሚያነሣ፣ ፑንትም በብዙዎች ዘንድ ወደ እኛ ቀጣና ስለምትጠጋ፣ እኔ ነገሩን ችላ አልለውም።

በእኛ አፍ ድንክ ጎደሎ ማለት አይደለም፤ ድንክ አልጋ ቁመቱ አጠረ እንጂ አልጋነቱ ሙሉ ነው። ፕሮክሲማም ክብደቷ ከፀሐይ 12 በመቶ ገደማ ይሁን እንጂ ሙሉ ኮከብ ናት፤ ፕላኔትም አላት። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ፕላኔቷ በ11 ቀን ገደማ ይዞራታል።

ኢትዮጵያ በራሷ ቃል የሰየመችው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች የስያሜ ዕድል ሲሰጥ ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባሉ። ቡና ድንክም ቀይም አይደለም፤ ከፀሐይ ይገዝፋል። «አቦል» ደግሞ «መጀመሪያ» ከሚለው የዐረብኛ «አወል» እንደመጣ ይነገራል። ሁለተኛ ፕላኔት ከተገኘለት «ቶና» ወረፋ ይዟል።