ዋትን ለኪሎግራም ማካፈል፦ የአንድ ስሌት ታሪክ ከሆሳዕና ሲታይ



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርዕስ ከታሪክ መምህር የሚጠበቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንድ ባልደረባዬ ማስታወቂያውን አንብቦ «ይህ የስፖርት ሳይንስ ሰዎች ጉዳይ አይደለም ወይ?» ብሎኛል። የእነርሱም ነው፤ ነገር ግን ቁጥርም እንደ ሰው የትውልድ ቦታና የሕይወት ታሪክ አለው። የምናገረው ብስክሌተኛ በእግሩ የሚያመነጨውን ኃይል በዋት ለክቶ ለሰውነቱ ክብደት በኪሎግራም ስለሚያካፍልበት ስሌት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በቅድሚያ ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልናገር። በሆሳዕናና በአካባቢዋ መንገዶች ላይ ለ14 ዓመታት ብስክሌት ጋልቤአለሁ፤ አማተር ነኝ፣ ሌላ የምለው የለኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ የኃይል መለኪያ አመጣልኝ። ክብደቴ 68 ኪሎ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ልይዘው የምችለው ኃይል 250 ዋት ነበር፤ ሲካፈል 3.7 ገደማ ይሆናል። ከባሕር ማዶ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ላይ ብፈልገው ራሴን ካሰብሁት ደረጃ በታች አገኘሁት። መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። አተካናውን ተውሁ፣ ራት ተውሁ፣ በረጅም ጉዞ ቀን በባዶ ሆዴ መውጣት ጀመርሁ። በሦስት ወር 62 ኪሎ ገባሁ። የምይዘው ኃይል ግን 218 ዋት ሆነ፤ አካፍሉት፣ 3.5 ነው። እጄ ይቀዘቅዝ፣ እንቅልፌ ይቆራረጥ፣ ጉንፋን ይመላለስብኝ ጀመር። ስድስት ኪሎ ከፍዬ የገዛሁት ያነሰ ቁጥር ነበር።

ታዲያ ይህ ስሌት ከወዴት መጣ? «ዋት» የኃይል መለኪያ ስም ሆኖ የቀረበው በ1882 ነው፤ ስሙም የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው የጄምስ ዋት ነው። ስለዚህ ሰውን በዋት ስንለካ በሞተር ቋንቋ እየተናገርን ነው። በ1913 ዴንማርካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አውጉስት ክሮግ የሰውን የሥራ ኃይል የሚለካ ቋሚ ብስክሌት ሠራ፤ ሆኖም ያ መሣሪያ ከቤተ ሙከራ የሚወጣ አልነበረም። ክብደትን ወደ ጨዋታው ያስገባው ተራራው ነው። በ1903 የተጀመረው የፈረንሳይ ዙር በ1910 ወደ ፒሬኔ ከፍተኛ መተላለፊያዎች ወጣ። በ1933 የተራራ ወጪዎች ውድድር ሲታከልበት የመጀመሪያው አሸናፊ ትንሹ ስፔናዊ ቪሴንቴ ትሩዌባ ሆነ። ቀላል ሰው ተራራ እንደሚወጣ ያን ጊዜ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ በስንት እንደሚበልጥ ግን ማንም አይነግርህም።

በ1986 ጀርመናዊው ኡሊ ሾበረር በፔዳሉ ክንድ ላይ የሚገጠም የኃይል መለኪያ ሠራ፤ ዋት ከቤተ ሙከራ ወደ መንገድ ወጣ። ቀጥሎ የመጣው ምዕራፍ የሚያኮራ አይደለም። በአንድ ኪሎ ይህን ያህል ዋት ያለው ሰው የፈረንሳይን ዙር ያሸንፋል የሚለውን ሐሳብ በስፋት ካሰራጩት መካከል የላንስ አርምስትሮንግ አማካሪ የነበረው ጣሊያናዊ ሐኪም ሚኬሌ ፌራሪ አንዱ ነው። በ2012 ፌራሪ ከስፖርት ለዕድሜ ልክ ታገደ፤ አርምስትሮንግም የሰባት ድሎቹን ክብር ተነጠቀ። ስሌቱ ግን አብሮ አልታገደም። በ2006 ሀንተር አለንና አንድሩ ኮጋን በኃይል መለኪያ ስለመሠልጠን ባሳተሙት መጽሐፍ አማካይነት የዋትና የኪሎው ሠንጠረዥ ወደ ተራው አማተር እጅ ገባ፤ ውሎ አድሮም ወደ እኔ።

እዚህ ላይ የራሴን ግምት ልጨምር። የክፍልፋዩ ሁለት ወገኖች እኩል ዋጋ ኖሯቸው አያውቁም። በከተማችን ጎዳና ዳር የሰው ሚዛን ዘርግተው በጥቂት ብር የሚመዝኑ ልጆች አሉ፤ ዋት የሚለካ ግን የለም። ታችኛው ቁጥር ርካሽና ፈጣን ነው፣ ላይኛው ውድና ዘገምተኛ። ሰው ደግሞ የሚለካውን ይቀንሳል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች ስፖርተኛ ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ሲመገብ በአጥንት፣ በሆርሞንና በበሽታ መከላከል አቅም ላይ የሚደርሰውን ጉዳት፣ ወንዶችንም ጨምረው፣ አንድ ስም የሰጡት በ2014 ነው። ሠንጠረዡ ከማስጠንቀቂያው በስምንት ዓመት ይቀድማል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1956 በሜልቦርን ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ በ1960 በሮምም ተወዳድሯል፤ የሮምን ኦሊምፒክ ስናነሣ ግን አበበ ቢቂላን ብቻ ማስታወሳችን ልማድ ሆኗል። በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ማሞ ወልዴ ማራቶንን ሲያሸንፍ የእኛ ብስክሌተኞች እዚያው ነበሩ። ከዚያ እስከ ጽጋቡ ግርማይ ረጅም ጊዜ ነው፤ በ2016 የፈረንሳይን ዙር የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው።

ሜክሲኮ ሲቲን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከፍታዋ 2,240 ሜትር ነው፤ ሆሳዕናም 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በ1972 ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዶ 49.431 ኪሎ ሜትር ጋለበ። የሄደው ቀጭኑን አየር ፍለጋ ነው፤ በሜዳ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ለሚጋልብ ሰው ዋነኛው ጠላት አየር ነውና። ያው አየር ኦክስጅንን ደግሞ ይነፍጋል። ከባሕር ጠለል ወደዚህ ከፍታ የወጣ ሰው ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀሙ 10 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንስበታል፤ ነዋሪው ቢላመደውም ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። በአቀበት ላይ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከቀጭኑ አየር የሚገኘው ጥቅም ኢምንት ነው፤ ጉዳቱ ግን እንዳለ ይቀራል። እንግዲህ መርክስ ክብረ ወሰን ፍለጋ የተሻገረለትን አየር እኛ በየማለዳው ብንተነፍሰውም፣ ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና ስንወጣ ወይም የሐምበርቾን ግርጌ ስንዞር አይረዳንም። ሠንጠረዡ ከፍታን አይጠይቅም። በቆላ ሜዳ የተለካ 4 እና በሆሳዕና የተለካ 4 እኩል አይደሉም፤ እኔ ስድስት ኪሎ የከፈልሁት ይህን ሳልጠይቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ጀብዱ የለውምና። ራትም አተካናም ተመለሱ። ቆጮ ጉልበት ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ አይብ፣ እንቁላልና ባቄላ አከልሁበት። ከሁለት ሰዓት በላይ በሚዘልቅ ጉዞ ሙዝና ዳቦ በኪሴ መያዝ ጀመርሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የስምንት ስምንት ደቂቃ ብርቱ አቀበት አራት ጊዜ እወጣለሁ፤ የቀረው ጉዞ ሁሉ እያወራሁ ልጋልበው የምችል ዝግ ያለ ነው። ከዝግታው የበለጠ የከበደኝ ነገር አልነበረም፤ የዶሮ ጫኝ ባጃጅ ሲቀድማችሁ ዝም ማለትን ይጠይቃል። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ 66 ኪሎ ሆኜ 259 ዋት ያዝሁ፤ 3.9 ነው። ሁለቱ ኪሎ ሳላሳድዳቸው የሄዱ ናቸው።

መለኪያ የሌላችሁ ተማሪዎች «እኛስ?» እንደምትሉ እገምታለሁ። ከፍታው የታወቀ አንድ አቀበትና የእጅ ሰዓት ይበቃችኋል፤ ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ላይ እንዲህ ያለ አይጠፋም። የእናንተንና የብስክሌታችሁን ክብደት በ9.81 እና በወጣችሁት ከፍታ በሜትር አባዙት፣ በፈጀባችሁ ሴኮንድ አካፍሉት። 78 ኪሎ ይዞ 300 ሜትር ከፍታ በ20 ደቂቃ የወጣ ሰው ለስበት ብቻ 191 ዋት ከፍሏል፤ ለጎማው ግጭትና ለአየሩ የሚከፍለው ደግሞ ይጨመርበታል። ከዚሁ ስሌት አንድ ሌላ ነገርም ታያላችሁ፦ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ብስክሌቱን በአንድ ኪሎ ያቀለለ ሰው ከ20 ደቂቃው የሚያተርፈው 15 ሴኮንድ ገደማ ነው። በየወሩ ያንኑ አቀበት፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ቁርስ በልታችሁ ውጡት፤ ቀኑንና ደቂቃውን ጻፉ። እኔ የራሴን መዝገብ ይዤ መጥቻለሁ፤ የ62 ኪሎው ወራትም ሳይሰረዙ አሉበት፣ ማየት የሚፈልግ ከጥያቄው በኋላ ወደ ፊት ይምጣ።