ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ እስከ አሉቶ እንፋሎት፦ ዝናብ የማይጠብቅ ኃይል ለምን ያስፈልጋል?

የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ይህ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ጢስ ዓባይ በግልጽ ያሳያል። በ1964 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በ11 ሜጋ ዋት ገደማ በተጀመረው ጣቢያ ላይ በ2001 የ73 ሜጋ ዋት ሁለተኛ ጣቢያ ሲታከል፣ ወንዙ ወደ ተርባይን ተጠለፈና ፏፏቴው በበጋ ሳሳ። በ2010 የጣና ውሃ በዋሻ ወደ 460 ሜጋ ዋቱ የበለስ ማመንጫ ሲዞር ደግሞ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ራሳቸው ውሃ አጠራቸው። በ2003 እና በ2009 ዝናብ ሲያጥር መብራት በፈረቃ ሆነ። ስለዚህ የሚጎድለን ሜጋ ዋት ብቻ ሳይሆን ዝናብን የማይጠብቅ ኃይል ነው።

ይህ ኃይል በስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሉቶ ላንጋኖ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት አሳይተዋል። እንፋሎቱ ሌትም ቀንም፣ በጋም ክረምትም ተርባይን ያዞራል። ሆኖም ፍለጋው በ1969 የተጀመረው ጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል) በ1998 ያስገኘው 7 ሜጋ ዋት ገደማ የሙከራ ጣቢያ ብቻ ነው፤ እርሱም በመሣሪያ ብልሽት ተደጋግሞ ቆሟል። በ1981 ኦልካሪያ ላይ በ15 ሜጋ ዋት የጀመረችው ኬንያ ዛሬ ከኤሌክትሪኳ 40 በመቶ ያህሉን ከእንፋሎት ታገኛለች።

«5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ካለ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ሰፊው የግድቡ ሐይቅ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያቆያል፤ ተከታታይ ድርቅ ሲመጣ ግን ሐይቁም ዝናብ ይጠብቃል። ሁለተኛው መከራከሪያ የወጪ ነው፦ ጉድጓድ ውድ ነው፣ ባዶ የመሆን ዕድሉም አለ። መከራከሪያው እውነት ቢሆንም መላ አለው። ኬንያ በ2008 ያቋቋመችው የመንግሥት ኩባንያ የፍለጋውን ኪሣራ ራሱ ተሸክሞ፣ የተገኘውን እንፋሎት ለአመንጪዎች ይሸጣል።

«የስምጥ ሸለቆ እንፋሎት ለጎጃም ምኑ ነው?» ለሚልም መልሱ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። በጣና ዙሪያ እንደ ዋንዛዬ ያሉ ፍል ውሃዎች ለመታጠቢያና ለፈውስ እንጂ ለትልቅ ተርባይን የሚበቁ አይደሉም። የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን በበጋም የማይቆራረጥ ኃይል ይፈልጋል፤ ከአሉቶ የሚገባ እያንዳንዱ ሜጋ ዋት ከጣና የሚፈለገውን ውሃ ሊቀንስ ይችላል። ፏፏቴው እንዲፈስስ፣ ፋብሪካውም እንዲሠራ የሚሻ የምዕራብ ጎጃም ነዋሪ የአሉቶን ቁፋሮ እንደራሱ ጉዳይ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።