ስርጭት

ቃሉ ሲነሳ ብዙ ሰው የሬዲዮ ስርጭት ትዝ ይለዋል። በሊኑክስ ባለሙያዎች አፍ ግን «ዲስትሪቢዩሽን» ማለት ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ከነፕሮግራሞቹ፣ ከነመጫኛውና ከነማሻሻያው ተሰናድቶ የሚቀርብበት ጥቅል ነው። ዴቢያንም ኡቡንቱም ልባቸው ያው የሊኑክስ ከርነል ነው።

ለድርጅት ሰርቨር ዋናው ጉዳይ ማሻሻያው ነው። ሴንትኦኤስ 8 የተባለው ስርጭት እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ ያገኛል ተብሎ ስንት ዳታቤዝ ተጭኖበት ነበር! በዲሴምበር 2020 ግን ድጋፉ በ2021 መጨረሻ እንደሚቆም ተነገረ። የማሻሻያ ፋይሎቹ ማከማቻዎች ወደ ቤተ መዛግብት ሲዛወሩ፣ «አሻሽል» የተባለ ሰርቨር የሚያወርደው ፋይል አጥቶ ስህተት ይመልስ ጀመር።

ሮኪ ሊኑክስና አልማሊኑክስ የተባሉት ስርጭቶች የተወለዱት ከዚህ ድንጋጤ ነው።

ስለዚህ መራጩ ከውበቱ በፊት የድጋፍ ማብቂያውን ቀን ይይ፤ የሶፍትዌሩ አምራች የትኛውን ስሪት እንደሚደግፍም ያመሳክር። የኡቡንቱ 24.04 መደበኛ ድጋፍ፣ ለምሳሌ፣ እስከ 2029 ይዘልቃል።