ጀሪካኑ ምን ይዟል?

ባለፈው ክረምት መብራት በሄደ ቁጥር ከሥራ ስብሰባ መሃል መቆረጥ ሲሰለቸኝ ትንሽ ጀነሬተር ገዛሁ። ቀጥሎ የቤንዚን መያዣ ፍለጋ መርካቶ ሄድኩ። ነጋዴው ሁለት ዕቃ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። አንዱ ሁላችሁም ቤት ያለው ቢጫ የፕላስቲክ ጀሪካን ነው። ሌላው ደግሞ የብረት፤ ጎኑ ላይ የኤክስ ምልክት የተረገጠበት፣ አናቱ ላይ ሦስት እጀታ የተደረደረበት፣ ወታደር ወታደር የሚሸት። ዋጋቸው በጭራሽ አይገናኝም። «ያው ነው ወንድሜ፣ ሁለቱም ሃያ ሊትር ነው የሚይዙት» አለኝ።

ያው እንዳልሆኑ በስድስት ዓመቴ ተምሬያለሁ። እናቴ ለቡታጋዝ ያስገዛችው ላምባ ከውሃው ጀሪካን ጎን ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም ምንም ያልተጻፈባቸው። ከኳስ ሜዳ ሮጬ መጣሁ፣ በኩባያ ቀዳሁ፣ ጨለጥኩ። አንድ ጉንጭ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሳልና የሰው ጫጫታ ነው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ወተት አጠጡት»፣ «ጣት ከትታችሁ አስመልሱት» ሲባባል፣ እዚያው ሰፈር የምትኖር ነርስ ጮኻ አስቆመቻቸው። ላምባና ቤንዚን የጠጣ ሰው ሲያስመልስ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ዋናው አደጋም እሱ ነው። ተሸክመውኝ ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ተረፍኩ። ለዚህ ነው ነጋዴው ፊት ቆሜ ከሚገባው በላይ ያሰብኩት። ቤት ገብቼም ማንበብ ጀመርኩ።

የብረቱ ዕቃ አባት ጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀርመን ጦር ለሚመጣው ጦርነት ነዳጅ ማጓጓዣ ሲያስፈልገው፣ በ1937 ሽቬልም ከተማ የሚገኘው የሙለር ድርጅት መሐንዲስ ቪንዜንትስ ግሩንፎግል ንድፉን አወጣ። ብዙ ጊዜ «ንድፍ» ሲባል ውበት ይመስለናል። እዚህ ግን እያንዳንዱ መስመር ሥራ አለው። ሦስቱ እጀታዎች አንድ ሰው ሙሉውን በመሃለኛው እንዲይዝ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ እንዲጋሩት፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት አጣምሮ እንዲያነሳ ነው። ጎኑ ላይ ያለው ኤክስ ጌጥ አይደለም፤ ቆርቆሮውን ያጠነክራል፣ ውስጡ ያለው ሲሞቅ ደግሞ ጎኑ ሳይቀደድ ትንሽ እንዲለጠጥ ያደርጋል። ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙት በብየዳ ነው፤ መጋጠሚያውም ከምት እንዲጠበቅ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጓል። ክዳኑ በመቆለፊያ ተጫን ይዘጋል፤ መፍቻ አይፈልግም፣ ከዕቃው ጋር ስለተያያዘም አይጠፋም። አናቱ ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ አየር የሚቀርበት ቦታ ተትቷል።

እንግሊዞች በዚያ ጊዜ የሚጠቀሙት አራት ጋሎን፣ ማለትም 18 ሊትር ገደማ የሚይዝ ስስ ቆርቆሮ ነበር። ወታደሮቹ ራሳቸው «ፍሊምዚ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ልፍስፍስ እንደማለት ነው። ርካሽ ነው፣ አንዴ ተጠቅመው ይጥሉታል። ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ በመኪና ሲንገጫገጭ ግን መጋጠሚያው ይከፈትና ቤንዚኑ አሸዋ ይጠጣዋል። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኦኪንሌክ ከመጋዘን እስከ ተጠቃሚው ድረስ 30 በመቶ የሚሆነው ነዳጅ እንደሚባክን ሪፖርት አድርጎ ነበር። ከአሥር መኪና የሦስቱ ጭነት ማለት ነው። ባዶውን ቆርጠው፣ አሸዋና ቤንዚን ጨምረውበት ሻይ ያፈሉበት ነበር። ውሃም በዚያው ዓይነት ቆርቆሮ ይመጣ ስለነበር ሻዩ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር ይባላል። እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ ጉሮሮዬ ተቃጠለ።

ከጀርመን የማረኩትን ዕቃ ሲያዩ ግን ወዲያው ገባቸው። ጀርመኖችን በቅጽል ስም «ጀሪ» ይሏቸው ስለነበር ዕቃው «ጀሪካን» ተባለ፤ የጀርመን ቆርቆሮ። ከዚያም እነሱ ራሳቸው አስመስለው በብዛት አመረቱት። አሜሪካኖች ሲቀዱት ብየዳውን ትተው መጋጠሚያውን አጠፉት፣ ክዳኑንም በመፍቻ የሚከፈት አደረጉት። ዕቃውን ወስደው ሐሳቡን ጣሉት ማለት ነው። (ኮድ ከሌላ ሰው ፕሮጀክት ገልብጦ ቴስቱን የሰረዘ ሰው የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል።)

ነዳጅ የመያዝ ጉዳይ ከእኛም የራቀ አልነበረም። በየካቲት 1941 የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ሞቃዲሾን ሲይዝ ጣልያኖች የተዉትን ከ300 ሺህ ጋሎን በላይ ነዳጅ አገኘ። ያ ሠራዊት ከዚያ ተነስቶ በጅጅጋና በሐረር አድርጎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በከፊል በዚያ በጠላት ነዳጅ ነው።

ፕላስቲኩ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1953 ካርል ዚግለር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ጠንካራ ፖሊኢታይሊን ያለ ከባድ ግፊት የሚሠራበትን መንገድ አገኘ (አሁንም ጀርመን፣ ምን ይደረግ)። ከዚህ ፕላስቲክ መጋጠሚያ የሌለው ዕቃ በአንድ ቅርጽ ይነፋል። አይዝግም፣ ሲወድቅ አይጎደጉድም፣ ክብደቱም የብረቱን ግማሽ አይሞላም። ዘይት አስመጪዎችና ፋብሪካዎች በእሱ ዘይት ሞሉበት፤ ዘይቱ ሲያልቅ እናቶቻችን ቦኖ ወሰዱት። ዛሬ ለብዙ ሰው «ጀሪካን» ማለት የውሃ ዕቃ ነው።

ታዲያ ለቤንዚን የቱ ይሻላል? ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ደህና ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ክዳኑ ጎሚኒ አለው። ተራው ፕላስቲክ ግን የቤንዚንን ትነት በግድግዳው ውስጥ ቀስ እያለ ያሳልፋል። ክፍሉ ውስጥ ምንም ሳይፈስ የሚሸታችሁ ለዚህ ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ደግሞ ይሰባበራል። ብረት ትነት አያሳልፍም፤ ውሃ ከገባበት ግን ከውስጥ ይዝጋል፣ ዝገቱም ሄዶ ካርቡሬተር ይደፍናል። ስታቲክ ኤሌክትሪክም አለ፦ መኪና ላይ እንደተጫነ ሲቀዳ ቻርጁ የሚሄድበት አያገኝምና ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። ብረትም ይሁን ፕላስቲክ አውርዶ መሬት ላይ አስቀምጦ መቅዳት ነው።

የሚገርመኝ ግን የአየሩ ቦታ ነው። ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሙቀት መጠኑ በአንድ በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ15 ዲግሪ ወደ 40 ሲደርስ 20 ሊትሩ ወደ ግማሽ ሊትር ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። በዚያ ላይ የእኛ አገር መልክዓ ምድር አለ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ዕቃ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ያለው የአየር ግፊት በሩብ ገደማ ቀንሷል። በጀሪካን ሰፊ ጎን ላይ ሲሰላ ከውስጥ በኩል ብዙ መቶ ኪሎ እንደሚገፋው ማለት ነው። ከቆላ የመጣ ሃይላንድ ሻንጣችሁ ውስጥ ተነፍቶ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እሱው ነው። እስከ አፉ የተሞላ ቢጫ ጀሪካን የሚያብጠውና በክዳኑ የሚያለቅሰው ወዶ አይደለም።

ካነበብኩት ሁሉ ያቆመኝ ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ጀርመኖች በዚያው ዕቃ ውሃም ያጓጉዙ ነበር፤ ስለዚህ የውሃው ላይ ትልቅ ነጭ መስቀል ቀቡበት። በጨለማ፣ በድካም፣ ማንበብ ለማይችልም ሰው ይታያል። የእኛ ቢጫ ጀሪካን ዛሬ ዘይት፣ ነገ ውሃ፣ ከነገ ወዲያ ቤንዚን ይይዛል፤ መልኩ አይለወጥም። በእኛ ሙያ ታይፕ የሌለው ቫሪያብል ይባላል፤ የያዘውን የምታውቀው ስትከፍተው ነው። ወይም ስትጠጣው።

ብረቱን ገዛሁ። ዋጋው ቆጨኝ፣ ግን ገዛሁ። ቤት ሳመጣው እናቴ ዞር ዞር እያለች አየችው፣ አሸተተችው፣ ምንም አላለችም። በማግስቱ በረንዳ ላይ ሳየው መሃለኛው እጀታ ላይ ከአሮጌ ቀሚሷ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ አስራበታለች።